ባቲን ካወቃችሁ ለብሉዝ የቀራችሁ አንድ ቁልፍ ነው

ከባቲ ቅኝት ተነስተን ኪቦርድ ላይ ብሉዝና ጃዝ እንጀምራለን። መጀመሪያ ግን በስም እንስማማ። እኔ በስም ምክንያት ሰርግ ላይ ተዋርጃለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ወር። የአንድ ባንድ ኪቦርዲስት ታመመና ማታውኑ ደውለው ጠሩኝ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ጊታሪስቱ ዞር ብሎ «ከሲ ማይነር!» አለኝ። እኔ ኪቦርድ የተማርኩት በዶ፣ ሬ፣ ሚ ነው። እዚያ «ሲ» ማለት ሰባተኛዋ፣ የመጨረሻዋ ድምፅ ናት። እሷን ይዤ ገባሁ። ባንዱ ግን «ሲ» የሚለው የፈረንጁን ፊደል ነው። ያ ደግሞ የእኔ ዶ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው፤ አብረው ሲጮሁ ግን ከዚያ የከፋ ጉርብትና የለም። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ ሲያደርጉ አየኋቸው።

ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰባተኛዋን «ቲ» እላታለሁ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ። ባንድ ውስጥ ስትገቡ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ይሏችኋል። የባንድ «ሲ» ዶ ናት። ይችን አንዷን ያዙልኝ፤ ሌላው በራሱ ይመጣል።

አሁን ኪቦርዱን እዩት። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ተቧድነዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ የተጠጋችው ነጭ ዶ ናት። ሁሌም። ከአንዷ ዶ ተነስታችሁ ቀጣይዋ ዶ እስክትደርሱ 12 ድምፅ አለ፤ ሰባት ነጭ፣ አምስት ጥቁር። ከዚያ ይደገማል። ከአንድ ቁልፍ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ግማሽ ድምፅ ነው። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ። ሚና ፋ መካከል ጥቁር የለም። ቲና ዶ መካከልም የለም። ስለዚህ ከዶ ተነስታችሁ በነጮቹ ብቻ ስትወጡ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ ይሆናል። ሜጀር ስኬል የሚሉት ይኸው ነው። ከሌላ ቁልፍ ተነስታችሁ ይህንኑ ርቀት ከጠበቃችሁ ጥቁሮቹ እየገቡ ይሄዳሉ። አንዷ ጥቁር ደግሞ ሁለት ስም አላት። ከግራዋ ነጭ ብትጠሯት ሻርፕ፣ ከቀኟ ብትጠሯት ፍላት። እንደ ክርስትና ስምና እንደ ቤት ስም ነው፤ ሰውየው ያው ነው።

በቃ፤ ለመጀመሪያው ወር ከዚህ በላይ ቲዎሪ አያስፈልጋችሁም። በቲዎሪ መጽሐፍ ጀምሮ የጨረሰ ሰው አላየሁም። እኔም ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ትቻለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ነጮቹን እርሷቸው። ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ። በግራ እጃችሁ ታች ላይ ከሦስቱ ጥቁሮች የግራዋን ያዙ፤ አትልቀቋት። በቀኝ እጃችሁ ሌሎቹን ጥቁሮች እንደፈለጋችሁ እየነካችሁ ወደ እሷ ተመለሱ። ምን ሰማችሁ? ትዝታ ነው። አሁን ግራ እጃችሁን አዛውሩና ከሁለቱ ጥቁሮች የቀኟን ያዙ። ቀኝ እጃችሁ ያንኑ ያድርግ፤ ግን መመለሻው አዲሷ ትሁን። ባቲ ሆነ። ቁልፎቹ ያው አምስቱ ናቸው። የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው።

ይችን ነገር ሳልረዳ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቅኝት ማለት የቁልፎች ዝርዝር ይመስለኝ ነበር። ከዝርዝሩ በላይ ግን «ቤቴ የት ነው?» የሚለው ነው። ከቤት ትወጣላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። ዜማ ከዚያ ይወለዳል። ኪቦርድ የሌለው ክራር ይያዝ፤ ስድስቱ አውታር በአምስት ድምፅ የተቃኘ ነው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያዋ መደገሚያ ነው። ዋሽንት ያለውም አይሰጋ። ምንም የሌለው በስልኩ የፒያኖ አፕ ይጫን። የስልክ ፒያኖ ደስ አይልም፤ ለጆሮ ግን ይበቃል።

እኔ ራሴ ሙዚቀኛ ነኝ ብዬ አልፎክርም። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ። ማታ ማታ ኪቦርድ እነካለሁ። ሰርግ ሲገኝ ሰርግ፣ ሲጠፋ ቤቴ። ኪቦርዴ ባለ 61 ቁልፍ ያማሃ ነው። ሁለተኛ እጅ ስለሆነ አንዷ ላ ካልደበደቧት አትናገርም። ከዚያ በፊት ግን የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ከቢቸና ወዲያ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ጃዝ የገባኝ በዚያ በኩል ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዙርበት።

«ጃዝ ማለት የመጣልህን መነካካት ነው» የሚል ሰው ሞልቷል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ስነካካ ግን የሚወጣው ነገር እጅ እግር የለውም። አንድ ማታ ተስፋ ቆርጬ ኪቦርዱን ዘግቼ ሳለ የኔታ ትዝ አሉኝ።

ቅኔ ቤት ጀማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ። ቀን ቀን ደበሎህን ለብሰህ ዛፍ ስር ብቻህን ትቀመጥና ትቆጥራለህ፤ ቆጠራ ማለት ቅኔውን በሐሳብህ ማውጣት ነው። ማታ ለየኔታ ትነግራለህ፤ ያ ነገራ ይባላል። በ14 ዓመቴ አንድ ማታ፣ ዓለም የሚያደንቀው የመሰለኝን ቅኔ ይዤ ቀረብኩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ምሥጢሩ ደግ ነው። ቤቱን ግን አፍርሰኸዋል። ሂድና ቁጠር» አሉኝ። ዜማው ከሚችለው በላይ ቃል አጭቄበት ኖሯል።

ትምህርቱ ሲገፋ ቤቱ እየበዛ ይሄዳል። ዋዜማ አምስት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። የበሰለው ባለቅኔ ያለ ወረቀት ቆሞ ይዘርፋል። ዘረፋ ሲባል ፖሊስ እንዳትጠሩ፤ የቅኔ ቤት ቃል ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ማምጣት ነውር ነው። የሌላውን ማምጣት ደግሞ ይብሳል። ቤቱና የዜማው ልክ ግን ከድሮ የመጣ ነው። እሱን ማንም አይነካም።

ጃዝም እንዲሁ ነው፤ ተገልብጦ። ቅኔ ላይ ዜማው የታወቀ ነው፣ ቃሉ አዲስ ነው። ጃዝ ላይ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) እና የቤቱ ቁጥር የታወቀ ነው፣ ዜማው አዲስ ነው። ኢምፕሮቫይዜሽን የሚሉት በታወቀ ቤት ውስጥ አዲስ መናገር ነው። ቤቱን ያላወቀ ሰው አይዘርፍም፤ ይቀባጥራል። እኔ ለወራት ሳደርግ የነበረው እሱን ነበር።

እንግዲህ ወደ ነጮቹ እንመለስ። ባቲን አሁን ከዶ እናንሳው፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ቲ ፍላት። (በነጭዋ ሚ የሚመታ ባቲም አለ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ተዉት።) ይችን ባቲ የጃዝ ሰዎች ማይነር ፔንታቶኒክ ይሏታል። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን እናታችሁ ስታንጎራጉር የሰማችሁት ነው። አሁን በፋና በሶል መካከል ያለችውን ጥቁር ጨምሩባት። ፋ ሻርፕን። ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ቲ ፍላት። የብሉዝ ስኬል በእጃችሁ ገባ። ጨዋታው ስድስት ድምፅ ነው፤ አምስቱን ከእናታችሁ ወስዳችኋል።

አዲሷ ቁልፍ ግን አመል አላት። ላይዋ ላይ አትቀመጡ። ከፋ ወደ ሶል ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ ነካ አድርጋችሁ እለፏት። እንደ ሚኒባስ ረዳት ናት፤ በር ላይ ተንጠልጥላ ትሄዳለች እንጅ ወንበር አትይዝም። ከተቀመጣችሁባት ጆሮ ያማል።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ስኬሉን እንደ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይጀምራል። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች። ጣት ይፈጥናል፣ ንግግር የለም። እኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል። አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል። እናንተ ሰጭም ተቀባይም ሁኑ። ሁለት ድምፅ ብቻ ምረጡ፤ ዶና ሚ ፍላት ይሁኑ። አራት ምት የሚሞላ አንድ ነገር በሉባቸው። ዝም በሉ። ከዚያ በሚቀጥለው አራት ምት ለራሳችሁ መልሱ። መጀመሪያው ጥያቄ ይምሰል፤ ማረፊያዋ ላይ አትጨርሱት። መልሱ ዶ ላይ ይረፍ። በሁለት ድምፅ አሥር ደቂቃ መቆየት ከቻላችሁ ሦስተኛዋን ጨምሩ። አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ይሰለቻል። ሲሰለቻችሁ ድምፅ አትጨምሩ፤ ምቱን ለውጡ። አሳጥሩ፣ አርዝሙ፣ አዘግዩ፣ ደጋግሙ። ሁለት ድምፅ ስንት ነገር እንደሚናገር ያኔ ታያላችሁ።

ደግሞ ዝፈኑት። ጣታችሁ የሚነካውን አፋችሁ አብሮ ይበል። ድምፃችሁ አያምርም? የእኔም አያምርም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሳክስፎን የሚነፋ ሰው መተንፈስ ግድ ስለሆነበት ሐረጉ መሐል እረፍት አለው። ኪቦርድ ግን ትንፋሽ አይጠይቅም፤ ስለዚህ እኛ ዝናብ ነን፣ አናባራም። ስትዘፍኑ ትንፋሻችሁ ያልቃል፣ ጣታችሁም ያርፋል። መብራት ሲጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም፤ እኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ምት። እውነቱን ለመናገር ይህን ከሁሉ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ሰው እንዳይሰለቸኝ ብዬ ነው ያቆየሁት። የተሳሳተ ድምፅ በትክክለኛ ምት ቢገባ ሰው ይቅር ይላል። ትክክለኛ ድምፅ ከምት ውጭ ቢገባ ግን ጭፈራው ይበተናል። ሰርግ ላይ አይቼዋለሁ።

ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም፣ ማለትም ምት የሚቆጥር አፕ፣ ጫኑ። በደቂቃ 60 ላይ አድርጉት። የስልኬ ድምፅ ደካማ ስለሆነ እኔ ብረት ኩባያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃል። አራት አራት እየቆጠራችሁ አጨብጭቡ። ስትለምዱት አንድና ሦስት ላይ ማጨብጨቡን ትታችሁ ሁለትና አራት ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ጃዝ የሚያዘነብለው ወደዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ተንሸራታችሁ አንድ ላይ ትገኛላችሁ። አይግረማችሁ፤ እኔን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከቤቴ እስከ ሱቄ እየሄድኩ በእርምጃዬ ነው የለመድኩት። ግራ እግር አንድ፣ ቀኝ እግር ሁለት። ቀኝ እግሬ ሲያርፍ ጣቴን አጮሃለሁ። ሰዎች ምን እንዳሉኝ አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ስዊንግ ይመጣል። ፈረንጅ ብዙ ገጽ ጽፎበታል። ለእኛ ግን መንገዱ አጭር ነው። ችክችካን ታውቃላችሁ። ችክችካ ውስጥ እያንዳንዱ ትልቅ ምት በሦስት ይከፈላል፤ ከበሮ የያዘ ሰው ሳያስበው ይመታዋል። ስዊንግም ምቱን በሦስት ይከፍላል። ግን ሦስቱንም አይመታም። የመጀመሪያውን መትቶ በሁለተኛው ላይ ያስረዝማል፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይመታል። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። በአፋችሁ «ዳአ-ባ፣ ዳአ-ባ» በሉት። ፍጥነቱ ሲጨምር ረጅሙና አጭሩ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። እሱ አሁን አያስጨንቃችሁ።

እንግዲህ ቤቱን እንሥራ። ኮርድ ማለት አንዱን ይዞ አንዱን መዝለል ነው። ዶን ያዙ፣ ሬን ዝለሉ፣ ሚን ያዙ፣ ፋን ዝለሉ፣ ሶልን ያዙ። ዶ ኮርድ ሆነ። አንድ ጊዜ ደግሞ ዝለሉና ቲን ጨምሩ፤ ዶ ሜጀር ሰባት ይባላል። ቲን በግማሽ ድምፅ ወደ ቲ ፍላት ብታወርዷት ዶ ሰባት ይሆናል። ብሉዝ የሚፈልገው ይህን ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ፋ ሰባት (ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ፍላት) እና ሶል ሰባት (ሶል፣ ቲ፣ ሬ፣ ፋ) ናቸው። በሦስት ኮርድ 12 ቤት ይሠራል። እያንዳንዱ ቤት አራት ምት ነው።

ዶ፣ ዶ፣ ዶ፣ ዶ
ፋ፣ ፋ፣ ዶ፣ ዶ
ሶል፣ ፋ፣ ዶ፣ ዶ

ይህን በካርቶን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የድሮ የብሉዝ ግጥም በዚህ ቤት ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው መስመር ሐሳቡን ይናገራል፣ ሁለተኛው ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ይመልሳል። አዝማሪ አንዱን መስመር ሲደግም እናንተ የሚቀጥለውን ለመስማት ጆሯችሁን ስትቀስሩ ያለውን ስሜት አስቡት። እሱ ነው።

ግራ እጃችሁ ኮርዶቹን ይያዝ። አንድ ቤት ላይ አንዴ ብቻ መምታት ይበቃል። አራት ዙር በስልካችሁ ቅዱት። በ60 ፍጥነት አንዱ ዙር 48 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ ቅጂውን እያሰማችሁ በቀኝ እጃችሁ የብሉዝ ስኬሏን ይዛችሁ ዝረፉ። አንድ ዙር ተጫወቱ፣ አንድ ዙር ዝም በሉ። ዝም ስትሉ ግን በልባችሁ ቁጠሩ። ቀጣዩ ዙር ሲጀምር የመጀመሪያው ምት ላይ ከገባችሁ ቤቱን ይዛችኋል። ሦስተኛው ላይ ከገባችሁ የኔታ ያሉትን አስታውሱ፤ ሂዱና ቁጠሩ።

እዚህ ላይ ጆሮ ያለው ሰው ይጠይቃል። ዶ ኮርድ ውስጥ ሚ አለች፤ ስኬሏ ውስጥ ግን ሚ ፍላት ናት። አይጋጩም ወይ? ይጋጫሉ። የብሉዝ ጨው ያለው ግጭቱ ላይ ነው። ዘፋኞቹ የሚሏት ድምፅ በሚ ፍላትና በሚ መካከል የምትገኝ ናት። ማሲንቆ ላይ ታገኟታላችሁ፤ ጣት እንደፈለገ ይንሸራተታል። ኪቦርድ ላይ ቁልፍ የላትም። ስለዚህ እናጭበረብራለን። ሚ ፍላትን ነካ አድርጎ ወዲያው ወደ ሚ መንሸራተት ነው። ከጥቁር ወደ ነጭ በአንድ ጣት ያንሸራትቱታል። ይችን ነገር አንድ ማታ ደጋግማችሁ ሞክሯት። እኔ መጀመሪያ ስትወጣልኝ ሱቅ የመጣ ደንበኛዬን አስቁሜ አሰምቼዋለሁ። «ቅጂው ስንት ነው?» አለኝ።

መስማትን አትርሱ። ከማንም በፊት ጌታቸው መኩሪያን ስሙ። ሽለላን ከሰው አፍ ወስዶ ቴነር ሳክስፎን ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ሽለላ ሰምታችኋል፤ ድምፁ የት እንደሚጎተት፣ የት እንደሚሰበር፣ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ በጆሯችሁ አለ። እሱ ሲነፋ ያንን ሁሉ በብረት ታገኙታላችሁ። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በሌላ በር ነው የገባው። እንግሊዝ ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ የእኛን አምስት ድምፅ ከጃዝ ኮርድ ጋር አጋባው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስትሰሙ አንድ ነገር ይገባችኋል። ጃዝ ለመጫወት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግም።

ስትሰሙ ግን እንደ ሬዲዮ አትስሙ። ቻርሊ ፓርከር የሚባለው ሳክስፎኒስት እ.ኤ.አ. በ1937 ክረምት፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ከባንድ ጋር ተራራማ መዝናኛ ስፍራ ሄዶ የሌላውን ሳክስፎኒስት የሌስተር ያንግን ሸክላዎች እየደጋገመ አጥንቷል። ከዚያ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የራስህን ከመቁጠርህ በፊት የየኔታን ትሰማለህ፣ ትይዛለህ። ሙሉ ሶሎ (አንዱ ብቻውን የሚዘርፈው) ላይ አትዝመቱ። አራት ቤት ብቻ ምረጡ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ አድርጉት፤ ድምፁ አይወርድም፣ ይዘገያል ብቻ። መጀመሪያ በአፋችሁ ይዛችሁ ዝፈኑት። ሳትሳሳቱ ስትዘፍኑት ብቻ ቁልፉን ፈልጉ። እኔ በተቃራኒው ጀምሬ የያዝኩት ጣቴን ነበር፤ ዜማውን ግን ያዝኩ ብዬ አልዋሽም።

ሑዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም። ለኪቦርድ ነካኪ 55 ቀን ሥራ ፈት ነው። አንድ ዓመት ያንን ጊዜ «ሁለት አምስት አንድ» ለሚባለው የኮርድ ቅደም ተከተል ሰጠሁት። እናቴ የኪቦርዱን ድምፅ ሰምታ «በሑዳዴ?» አለችኝ። «እማዬ፣ ዘፈን አይደለም፤ ቁጥር ነው» አልኳት። «እንግዲያው ቀስ ብለህ ቁጠር» አለችና ሄደች። ጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ።

ሁለት አምስት አንድ ማለት ከስኬሉ ሁለተኛ፣ አምስተኛና አንደኛ ድምፅ ላይ የተሠሩ ሦስት ኮርዶች ናቸው። ከዶ ስትነሱ ሬ ማይነር ሰባት (ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ)፣ ሶል ሰባት (ሶል፣ ቲ፣ ሬ፣ ፋ)፣ ዶ ሜጀር ሰባት (ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ቲ)። የጃዝ ዘፈን በዚህ የተሞላ ነው። ሁሉንም ድምፅ አትያዙ። በሁለት ጣት ብቻ ይህን አድርጉ። ፋንና ከሷ በላይ ያለችውን ዶን ያዙ። ፋ ትቆይ፤ ዶ ወደ ቲ ትውረድ። አሁን ቲ ትቆይ፤ ፋ ወደ ሚ ትውረድ። አለቀ። ሁለት ጣት፣ ሁለት ግማሽ እርምጃ፣ ሦስት ኮርድ። ይህን ቀስ ብላችሁ አሥር ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተንጠልጥሏል፣ ከዚያ ይጨነቃል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል። እነዚህ ድምፆች የየኮርዱ ሦስተኛና ሰባተኛ ናቸው፤ የኮርዱ ጠባይ ያለው እነሱ ላይ ነው። ሶሎ ስትጫወቱ ኮርዱ በተለወጠበት ቅጽበት ከእነሱ አንዷ ላይ ካረፋችሁ፣ ባስ እንኳ ባይኖር ሰው ኮርዱን ይሰማዋል።

አምባሰልና አንቺሆዬ የት ሄዱ የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩ። እነሱ ከማረፊያቸው ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ ስላለባቸው ከተለመደው ኮርድ ጋር ቶሎ አይስማሙም። ቸኩዬ አንድ ሆቴል አምባሰል ላይ ብሉዝ ኮርድ ጭኜ ነበር። ቡና የሚጠጣው ሰው ሒሳብ ጠየቀ።

የቀረው ነገራ ነው። ብቻውን የሚቆጥር ተማሪ ሁሌም ጎበዝ ነው። ማታ ማታ አንድ ዙር፣ 12 ቤት ብቻ፣ በስልካችሁ ቅዱ። ያን ማታ አትስሙት። ጠዋት ስሙት። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ቤቱን ጠብቄያለሁ? ትንፋሽ ወስጃለሁ? ከተናገርኩት ውስጥ ልዘፍነው የምችለው አንድ ሐረግ አለ? እኔ ቅጂውን ባሕር ዳር ላለ ጓደኛዬ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ከበሮ መቺ ነው፤ ስለ ድምፅ ግድ የለውም። «ሰባተኛው ቤት ላይ ሮጠሃል» ብቻ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። «በጣም ያምራል» የሚል ዘመድ ለዚህ አይሆንም።

ሰው ፊት ስትጫወቱ መሳሳታችሁ አይቀርም። ለዚያ አንድ ነገር ያዙ። ባቲን ከዶ ስትጫወቱ ከ12ቱ ቁልፎች የትኛዋን ብትሳሳቱ፣ ከጎኗ በግማሽ ድምፅ ርቀት ላይ ትክክለኛ ድምፅ አለ። አንድ በአንድ ፈትሹት። ሬን ከነካችሁ ሚ ፍላት አጠገቧ ናት። ላ ፍላትን ከነካችሁ ሶል ናት። ላን ከነካችሁ ቲ ፍላት። ስለዚህ ስትሳሳቱ እጃችሁን እንደ ተቃጠለ ሰው አታንሱ። ቁልፏን ሳትለቁ ምቱን ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ተንሸራተቱ። ሲመቻችሁ ያንኑ ስህተት በሚቀጥለው ቤት ላይ ሆን ብላችሁ ድገሙት።